የተጣመመ ጣውላ በድንጋይ ጭነት አይቀናም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ የተጣመመን የጠረጴዛ ገበታ በውኃ አርሶ፣ ከባድ ድንጋይ ጭኖ ማቅናት እንደሚቻል የሚመክር ጽሑፍ አንብበናል። ጭነቱ እስካለ ድረስ ገበታው የቀና ይመስላል። ድንጋዩ ተነሥቶ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አንዳንዴም ብሶበት ይገኛል። ምክሩ ብዙ ጥሩ እንጨት ለማገዶ ስለሚዳርግ ምክንያቱን ለአንባቢ ማስረዳት ይገባል ብለን ይህን ጻፍን።

አዲስ በተቆረጠ ግንድ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ሲነጻጸር በአንዳንድ ዛፎች ከ100 በመቶ ያልፋል። ቀድሞ የሚወጣው በሕዋሳቱ ክፍተት የተጠራቀመው ውኃ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ውኃው ከሕዋሳቱ ግድግዳ መውጣት ይጀምራል። እንጨት የሚኮማተረው ያኔ ነው፤ ያውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ 8 በመቶ ገደማ፣ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ 4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በቁመቱ ግን ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ መበላለጡ ግን የትም አይቀርም።

የጣውላውን ጫፍ አይቶ ወደፊት የሚሆነውን መገመት ይቻላል። ቀለበቶቹ በወርዱ ላይ እንደ ቅስት ተጋድመው ከታዩ፣ ጣውላው ሲደርቅ በቅርፊቱ በኩል ይጎደጉዳል፣ በልቡ በኩል ያብጣል። ቀለበቶቹ ከፊቱ አንጻር ቀጥ ብለው ከቆሙ ግን ወርዱ ጥቂት ይጠባል እንጂ አይጎብጥም፤ ለበርና ለገበታ ይሄኛው ይመረጣል። ቃጫው በግንዱ ዙሪያ እየዞረ ካደገ ዛፍ የወጣ ጣውላ ደግሞ ይጠመዘዛል። ይህን ለማወቅ ቀጥ ያሉና ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎችን በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድሞ፣ ጎንበስ ብሎ በአንዱ አናት ላይ ሌላውን ማየት ነው። ጠርዞቹ ካልተገጣጠሙ ተጠምዝዟል። ለእንዲህ ያለው መላጊያ እንጂ ሌላ መላ የለውም፤ መላጊያው ደግሞ ውፍረቱን ይበላል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። የረጠበ ፊት መስፋት ይፈልጋል። ጭነት ወይም ምስማር ይዞ ሲከለክለው የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት እርስ በርስ ተጨፍልቀው ይቀራሉ። ከዚያ ሲደርቁ ከቀድሞው ያነሰ ቦታ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ጣውላው በረጠበው ፊት በኩል ይበልጥ ይጎደጉዳል። በየጊዜው ከላይ ብቻ በውኃ የሚወለወል የእንጨት ወለል ጠርዝ ጠርዙ የሚነሣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጭነት ቦታ ካለው ከእርጥብ ጣውላ ቁልል አናት ላይ ነው። ጣውላው ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደልዳላ መሠረት ላይ ይደረደራል። በየረድፉ መካከል ውፍረታቸው 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ደረቅ አግዳሚዎች በየ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትሩ ይገባሉ። አግዳሚዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ካልዋሉ የበላዩ ክብደት ጣውላውን አጉብጦ ያደርቀዋል፤ በጥንቃቄ የተሰነጠቀ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውኃ በቁመት አቅጣጫ ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፎቹ ቀድመው እንዳይሰነጠቁ በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይለቀለቃሉ። ከላይ ክዳን፣ በጎን ነፋስ። በተለምዶ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይታሰባል፤ አየሩና የእንጨቱ ዓይነት ግን ያረዝሙታል፣ ያሳጥሩታልም።

መድረቁን በሚዛን ማወቅ ይሻላል። ከጫፉ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቆርጦ ወዲያው መመዘን፣ ከዚያ በ103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ማድረቅ ነው። 156 ግራም የነበረው 130 ከሆነ የወጣው ውኃ 26 ግራም ነው፤ ለ130 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ይህ ለቤት ውስጥ ዕቃ ገና ጥሬ ነው፤ ከ8 እስከ 12 በመቶ መውረድ አለበት።

የደረቀ እንጨትም ከአየሩ ጋር መንቀሳቀሱን አይተውም። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበታ እርጥበቱ ከ8 ወደ 12 በመቶ ቢወጣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ገበታውን ከእግሮቹ ጋር የሚያስረው ብሎን በክብ ሳይሆን በሞላላ ቀዳዳ ያልፋል፤ የበር የመሃል ጣውላም በቦዩ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይገባል እንጂ በኮላ አይጣበቅም። ቫርኒሽ ደግሞ ለላይኛው ፊት ሁለት ጊዜ ከተቀባ ለሥረኛውም ሁለት ጊዜ ነው። ከሥር አይታይም ተብሎ የሚተወው ፊት እርጥበት በፍጥነት ይስባል፣ በፍጥነትም ይለቃል፤ የተጣመመ ገበታ ሲያጋጥመን መጀመሪያ ገልብጠን የምናየው ለዚህ ነው።

ጉብጠቱ የመጣው በአንድ ፊት ብቻ በገባ ወይም በወጣ እርጥበት ከሆነ ያለ ጭነት ሊቀና ይችላል። የጎደጎደውን ፊት ወደ ታች አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ማጋደም፣ ያበጠውን ፊት ለፀሐይ መስጠት፣ በየሰዓቱ ማየት፣ ቀና ሲል ወዲያው አንሥቶ በሁለቱም ፊት አየር እንዲያገኝ በጎኑ ማቆም ነው። ለጥቂት ቀናት ቀና ብሎ ከቆየ በሁለቱም ፊት እኩል ቫርኒሽ ይቀባል። ተመልሶ ከጎበጠ ምክንያቱ የቀለበቶቹ አቀማመጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጣውላውን በቁመቱ ወደ ጠባብ ቁራጮች ሰንጥቆ፣ ጠርዞቹን ልጎ በኮላ መልሶ ማጋጠም ነው።

በሚቀጥለው እትም እርማቱን እንድታወጡልን እንጠይቃለን። እስከዚያው ምክሩን ተከትሎ ገበታውን አርሶ ድንጋይ የጫነበት አንባቢ ካለ ድንጋዩን ያንሣ፣ ሁለቱንም ፊት ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያድርቅ።

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች