ስምንት ኳስ፣ ሦስት ነገር፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ነው የከረመው። በጥቅምት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ኮከብ ሲወለድ ዙሪያው ምን አለ?» አለችኝ። ጋዝና አቧራ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና አላስቻለኝም።

ኮከብ የሚወለድበት ደመና ውስጡ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በዚያ ብርድ ካርቦን ሞኖክሳይድ አቧራው ላይ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። ሃይድሮጅን አንድ በአንድ እየመጣ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ ይሆናል፣ ከዚያ ሜታኖል። ካርቦን ያለበትን፣ ስድስትና ከዚያ በላይ አተም የያዘ ሞለኪውል የዘርፉ ሰዎች «ውስብስብ» ይሉታል። ሜታኖል ስድስት አለው።

ግን በረዶ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት ይታወቃል? ይህን በመጋቢት በቅርንፉድ አየነው። ቅርንፉድ አፍልተን ውሃውን ሰፈር ካለች ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። ከጎኑ ባዶ ውሃ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን በረዶ አሸተቱ። ብዙዎቹ መለየት አቃታቸው። ሳህኖቹን ግቢ አውጥተን ለድሬ ፀሐይ ሰጠናቸው። ብዙም ሳይቆይ ቅርንፉዱ ከሩቅ ይሸት ጀመር። ጨቅላው ኮከብም እንዲሁ ነው። ዙሪያውን ከዜሮ በታች 170 ዲግሪ አካባቢ ሲያደርሰው በረዶው የያዘውን ይለቃል። እዚያ ግን በረዶው ውሃ አይሆንም፣ በቀጥታ ይተናል። ይህን ልዩነት ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

በኅዳር የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል፣ በጥር ለታናናሾቹ ገለጻ ሰጥተናል። እኔ ግን የሚያዝያውን ሳምንት ነው የማልረሳው። ጭቃ አድቦልቡለን ኳስ ሠራን። ካርቦኑን በከሰል አጠቆርን፣ ኦክስጅኑን በጡብ ዱቄት አቀላን፣ ሃይድሮጅኑን ኖራ ቀባን። ማያያዣው ስቴኪኒ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ቀይ፣ አራት ነጭ ሰጠሁ።

አንዱ ቡድን ሁለቱንም ቀይ አንድ ጥቁር ላይ ሰካ፤ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ ውስጥ ያለው። ሌላው ለየጥቁሩ አንድ አንድ ቀይ አደረገ፤ ግላይኮላልዲሃይድ፣ ከስኳር ወገን ትንሹ። ሦስተኛው አንዱን ቀይ በጥቁሮቹ መካከል አስገባ፤ ሜቲል ፎርሜት ሆነ። ስምንቱ ኳስ ያው ነው። ሦስቱም በሕዋ ተገኝተዋል።

«ታዲያ ከዚህ ሆነው እንዴት ለዩት?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው መጣ። ሞለኪውል ይሽከረከራል። አሰካኩ ሲለይ አሽከራከሩ ይለያል፣ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድም ይለያል። ቺሊ፣ አታካማ በረሃ ላይ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ 66 አንቴናዎች አሉ። አልማ ይባላሉ። እዚያ የወጡት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ እርጥበት ሞገዱን ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በእነሱ አማካይነት ግላይኮላልዲሃይድ በአንድ ጨቅላ ፀሐይ መሰል ኮከብ ዙሪያ ተገኘ። በአንድ ሞገድ ብቻ ግን አይታመንም። ብዙዎቹ በየቦታቸው መገጠም አለባቸው። ልጆቹ ይህን ጥንቃቄ ሲወዱት በማየቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በግንቦት አንድ ምሽት ግቢ ተሰብስበን ሳለ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፣ ሰማዩ ግን ወጣ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አቅራብ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነበር፣ መካከሉ ላይ ቀዩ ኮከብ። አልማ ያየው ያ ጨቅላ ኮከብ ያለው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በዓይን አይታይም። ርቀቱ 460 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ የሚደርሰን ሞገድ ጉዞ የጀመረው አሚር ኑር ሐረርን በጀጎል ባጠሩበት ዘመን አካባቢ ነው። ይህን ስናገር ሐረር ቤተሰብ ያላቸው ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

ያቺ የጥቅምቷ ተማሪ ሦስቱን ሞዴል በካርቶን ይዛ መጥታ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍሎቹ መሃል ተቀምጣ፣ በጨለማው ኳሶቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣ የቱ አሴቲክ አሲድ የቱ ስኳር እንደሆነ ትነግራቸው ነበር።