ሸህራዛድን አትቁረጡብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዐረብኛውን የተረት ስብስብ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ለወጣቶች የሚያዘጋጁ ሰዎች በሴቶች ላይ የተጻፈውን ሲያዩ መቀስ ያነሳሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ቆርጠው የሚጥሉት መግቢያውን ነው፤ ከእሱም ጋር የተረቶቹ ተራኪ ሸህራዛድ ትሄዳለች። የሚተርፉት አላዲን፣ አሊ ባባና ሲንባድ ናቸው። አላዲንና አሊ ባባ ደግሞ በጥንቱ የዐረብኛ ቅጂ ውስጥ የሉም፤ ፈረንሳዊው አንትዋን ጋላን እ.ኤ.አ. በ1709 ፓሪስ ላይ ከሶሪያዊው ተራኪ ከሐና ዲያብ ሰምቶ የጨመራቸው ናቸው።

መግቢያው ክፉ ነው፤ ግን በደንብ ይነበብ። ሚስቶቻቸው የከዷቸው ሁለት ንጉሦች አንድ ጂኒ በሳጥን ቆልፎ የሚያዞራት ሴት ያገኛሉ። ጂኒው ሲተኛ «እምቢ ካላችሁ ቀስቅሼ አስገድላችኋለሁ» ብላ አብረዋት እንዲተኙ ታስገድዳቸዋለች፤ ከዚያም ከቀደሙት ወንዶች የሰበሰበችውን ቀለበት አሳይታ የእነሱንም ትወስዳለች። ንጉሦቹ «ሴት አትታመንም» ብለው ይመለሳሉ። ይህች ሴት ግን በሠርጓ ሌሊት የተጠለፈች ሙሽራ ናት! ይህን ራሷ እየነገረቻቸው አንዳቸውም ስለ ጠለፋው አይጠይቁም። የቀለበቶቹ ቁጥርም እንደ ቅጂው ይለያያል፤ በጥንቱ ቅጂ 98፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው እንግሊዝኛ ትርጉም 570 ነው። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከየትኛው እንደተረጎመ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍልን።

ከዚህ በኋላ ከሁለቱ አንዱ፣ ንጉሥ ሸህሪያር፣ በየሌሊቱ አንዲት ልጃገረድ እያገባ ሲነጋ ያስገድላል። ሸህራዛድ ወዳ ታገባዋለች። እህቷ ዱንያዛድ በተቀጣጠሩት መሠረት «ተረት ንገሪን» ትላለች፤ ወሬው ሲጦፍ ይነጋል፤ ንጉሡም ፍጻሜውን ለመስማት ሲል ግድያውን ለማግስቱ ያሳድረዋል። ሴትን የሚያንኳስሰው ተረት ሁሉ የሚነገረው እንግዲህ ሴትን በሚጠላ ገዳይ ፊት፣ ነፍሷን ለማትረፍ በምትታገል ሴት አንደበት ነው። መግቢያው ከሌለ ይህ አይታይም።

ሁሉን ያጸዳል ግን አንልም። «ሦስቱ ፖሞች» በተባለው ተረት ባልየው ለታመመች ሚስቱ ባስራ ከተማ ድረስ ደርሶ መልስ 15 ቀን ተጉዞ ሦስት ፖም በ3 ዲናር ይገዛላታል። አንዱን ፖም በአንድ ጥቁር ባሪያ እጅ ያየዋል፤ «ወዳጄ ሰጠችኝ» ሲለው ቤቱ ገብቶ ያርዳትና ቆራርጦ በሳጥን ጤግሮስ ወንዝ ውስጥ ይጥላታል። ፖሙ ለካ ከልጇ እጅ የተነጠቀ ነበር። በመጨረሻ የባግዳዱ ገዥ ኸሊፋው ለገዳዩ ባል ከቁባቶቹ አንዷን ይድርለታል። የሟቿ ስም እንኳ አልተነገረም። ጥቁሩ ሰው እዚህ ውሸታም፣ በመግቢያው ደግሞ የንግሥቲቱ ውሽማ መሆኑም እኛን ሊቆረቁረን ይገባል።

ይህም ሆኖ ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ዓሣ አጥማጁ ሳጥኑን ሲያወጣ፣ ኸሊፋው ገዳዩን እንዲያመጣ ለቪዚሩ (ለዋና ሹሙ) 3 ቀን ብቻ ሲሰጠው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ሲሉ። አስተማሪዎች ይህን አስነብበው «ሟቿ ብትናገር ምን ትል ነበር?» ብለው ተማሪዎቹን ያጽፉ። አሳታሚዎችም መግቢያውን ሙሉውን ያትሙልን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር