የበግ አንጀት በናርደን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከአምስተርዳም ወጣ ብላ በምሽግ የተከበበች ናርደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በትልቁ ቤተ ክርስቲያኗ በፋሲካ ሰሞን የጀርመናዊውን የዜማ ደራሲ የባኽን «የማቴዎስ ሕማማት» ማሰማት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ልማድ ነው። ዘንድሮ የእነርሱ ስቅለት እኛ ጾሙን ሳናጋምስ ስለ ዋለ ሄጄ ሰማሁ።

ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1727 በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ለስቅለት ዕለት የቀረበ ነው። ተጫዋቾቹም የያዙት የዚያን ዘመን ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ፍሉቱ የእንጨት፣ ኦቦ ከሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንዱ ጎባጣና በቆዳ የተለበጠ፣ የቫዮሊኑ አውታር ደግሞ የበግ አንጀት! በገናዎን ወደ ናይለን ይቀይሩ እያሉ ለሚወተውቱዎ ሰዎች ይህን ይንገሩልኝ። ቅኝቱም ኦርኬስትራዎች ዛሬ ከሚቃኙበት በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። አንጀት እርጥበት ሲነካው ቅኝቱ ስለሚፈርስ በየመካከሉ እየቆሙ ይቃኛሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ፤ እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ስለሆንሁ አልቸኮልሁም።

ድምፁ አነስተኛ ነው፤ የብረት አውታር ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ የጎደለ ይመስላል። ቆይቶ ሻካራነቱ ይጥማል፣ ቃሉንም አይሸፍንም። ክርስቶስ በተናገረ ቁጥር ቫዮሊኖቹ ረዘም ያለ ድምፅ ይዘው ይከቡታል፤ ሠዓሊዎቻችን በራሱ ዙሪያ የሚያደርጉትን ብርሃን ይመስላል። «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲል ግን አውታሮቹ ዝም አሉ፤ ዘማሪው ከኦርጋኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ይህንኑ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ቅጂ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እንዲህ አስደንግጦኝ አያውቅም።

ሁሉም እንደ ጥንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በባኽ ጊዜ በላይፕሲግ ቤተ ክርስቲያን ሴት አትዘምርም ነበር፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያዜሙት ወንዶች ልጆች ነበሩ። እዚህ ሴቶች ዘመሩ፤ ደግ አደረጉ። ያን ጊዜ በድርሰቱ ሁለት ክፍሎች መካከል ስብከት ይሰጥ ነበር፤ አሁን በስብከቱ ፈንታ ቡና ይጠጣል። ይህን ለንስሐ አባትዎ አይንገሩብኝ።

ለአውታር የሚሆን ጥሩ አንጀት ጠፋ ብለውኝ ነበር። እዚህ በየውፍረቱ ተለይቶ ይሸጣል። ወንድሜ የአሥሩንም አውታሮች ውፍረትና ርዝመት ለክቶ ይጻፍልኝ፤ በገዛ ዓይንዎ ግን አይለኩ፣ መነጽርዎን ሳያደርጉ ነው የሚለኩት።

ልጅዎ