ማማሰያው ማን ነው? (የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ)

የክበባት ዘገባ መቼም «ክበባችን በዘንድሮው ዓመት በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ተብሎ ነው የሚጀመረው። የእኛው ግን ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ነገር ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እሱንም ያመጣችብን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ኅዳር ላይ፣ እንደ ወትሮው ዓርብ ከሰዓት፣ ስለ ኤልኒኖ እያወራን ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ያጠረው፣ በተከታዩ ዓመትም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ የጠበቀው በዋናነት የፓስፊክ ውቅያኖስ በመሞቁ ነው ስላቸው አላመኑኝም። ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ ፓስፊክ ማሰብ ለእኔም ይከብደኛል። እናም ጠመኔ አንስቼ ትልቁን የውቅያኖስ ዑደት ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። በግሪንላንድ አካባቢና በአንታርክቲካ ዳርቻ ውሃው ክፉኛ ይቀዘቅዛል፤ ከፊሉ በረዶ ሲሆን ጨዉን ለቀሪው ውሃ ትቶለት ይሄዳል። ቀዝቃዛና ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳልና ይሰምጣል፤ በውቅያኖሱ ወለል እየተሳበም ዓለምን ይዞራል። ተመልሶ ፀሐይ እስኪያይ ድረስ መቶዎች፣ አንዳንዴም 1,000 ዓመት ይፈጅበታል።

«ቲቸር፣ የሰመጠው በምን ይወጣል?» አለች።

«ሲሞቅ ነዋ።»

«እታች ምን ያሞቀዋል? ፀሐይ አይደርስ።»

ዝም አልኩ። እስከሚቀጥለው ዓርብ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ሦስት ዓርብ ፈጀብኝ።

እስከዚያው ችግሩን በዓይናችን እንየው ተባባልንና ከአንድ ባለሱቅ ብስኩት የሚደረደርበትን ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ተዋስንና ንጹሕ ውሃ ሞላንበት። ቀይ ስር ቀቅለን ውሃውን አጠለልን፤ ጨው ጨምረንበት እዚያው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቀዩ ውሃ ለብ ብሎ አገኘነው፤ እኔም ቸኩዬ ስገለብጠው ሳጥኑ በሙሉ ሮዝ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ እጄን ገፍቶ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰው። ቀዩ ውሃ ግድግዳውን ይዞ ወረደ፤ ወለሉን እየላሰ ሄዶ ማዶውን ሲነካ ትንሽ ተመለሰና ተኛ። ከላይ ንጹሕ፣ ከታች ቀይ፣ መሐሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሰኞ ስንመጣ እዚያው ነው። በአምስተኛው ቀን ስለሸተተ ደፋነው እንጂ መውጣቱንስ አልወጣም።

«አላልኩም?» አለች ልጅቷ።

ጠላ ቤት የሚያድግ ልጅ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ አተላ ካላማሰሉት አይነሣም። ስለዚህ ጥያቄያችን ተለወጠ፤ የውቅያኖሱ ማማሰያ ማን ነው?

ዋልተር መንክ የተባለው የውቅያኖስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ይህንኑ ነበር የጠየቀው። ከታች የሚያነሣው ባይኖር ቀዝቃዛው ውሃ እየሞላ ሄዶ ከላይ ስስ የሞቀ ሽፋን ብቻ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ከሌላው የውቅያኖስ ተመራማሪ ከካርል ዉንሽ ጋር ሆኖ ሒሳቡን ሲሠራ፣ ጥልቁን ውሃ ለማማሰል ወደ 2 ትሪሊዮን ዋት ኃይል ያስፈልጋል አለ። ይህን ቁጥር ለልጆች እንዲሁ ብትነግራቸው ምንም አይላቸውም። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ አካፍሉት አልኳቸው። 388 ግድብ! ክፍሉ ተንጫጫ። ይህ ሁሉ ኃይል ከየት ይመጣል? ከነፋስና ከጨረቃ። ነፋሱ ገባቸው። ጨረቃን ግን ለማስረዳት ሳጥኑን ዳግም ማዘጋጀት ግድ ሆነ።

በዓመቱ ካየሁት ሁሉ ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ሁለቱ ውሃዎች ተደራርበው እንደተኙ ሳጥኑን በአንድ ጎን በትንሹ ከፍ ዝቅ አደረግነው። ላይኛው ገጽ እምብዛም አልተነቃነቀም። በሁለቱ ውሃዎች ድንበር ላይ ግን ትልቅ፣ ሰነፍ ማዕበል እየተንከባለለ ይመላለሳል! ከላይ ለሚያይ ሰው ውሃው ተኝቷል፤ ውስጡ ግን እየተናጠ ነው። ቀጥለን ወለሉ ላይ ጠጠር ደረደርን። ያ የውስጥ ማዕበል ጠጠሩ ላይ ሲደርስ እየተሰበረ ቀይ ክር ወደ ላይ ይረጭ ጀመር። ጨረቃና ፀሐይ እየሳቡ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት የባሕር ውሃም በውቅያኖስ ወለል ተራሮች ላይ ሲያልፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከብራዚል ወዲህ ባለው የአትላንቲክ ጥልቅ ሲለኩ፣ ከለጥ ያለው ወለል በላይ ውሃው እምብዛም አይደባለቅም፤ ወጣ ገባ ከሆነው የመካከለኛው አትላንቲክ ተራራ በላይ ግን በብዙ እጥፍ ይደባለቃል።

ሌላም መውጫ አለ። አንታርክቲካን የሚዞረውን ኃይለኛ ነፋስ የሚያግደው የብስ ስለሌለ፣ የላይኛውን ውሃ ወደ ሰሜን እየገፋ የታችኛውን ስቦ ያወጣዋል። የትኛው መንገድ ይበልጣል የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ለእኔ ብቻ አይደለማ ያልገባኝ ብላ።

ጥር ላይ ወደ ሐይቁ ወጣን። ርእሰ መምህሩ ወላጅ ሁሉ ካልፈረመ አይሆንም ብለው ሁለት ሳምንት አዘገዩን፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። ከአሞራ ገደል ጀልባ ተከራይተን፣ ድንጋይ የታሰረበትና ቡሹ በሌላ ክር የሚነቀል ጠርሙስ ይዘን ገባን። ሐሳቡን የወሰድነው ከሄንሪ ኤሊስ ነው። ይህ የእንግሊዝ መርከብ ካፒቴን እ.ኤ.አ. በ1751 ዓ.ም. በሞቃቱ አትላንቲክ ላይ ክዳን ያለው ባልዲ እስከ 1,630 ሜትር አወረደ። ከላይ 29 ዲግሪ የነበረው ውሃ እታች 12 ዲግሪ ሆኖ ወጣ። ወይን ጠጁንም አቀዘቀዘበት። መርከቡ የባሪያ ንግድ መርከብ እንደነበረ ሳልነግራቸው ማለፍ አልቻልኩም፤ ለጥቂት ደቂቃ ስለ ሳይንስ የጠየቀኝ አልነበረም።

የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ ከውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት፣ ከ3,700 ሜትር ገደማ፣ ጋር አይወዳደርም። ያም ሆኖ እኩለ ቀን ላይ ከታች የወጣው ውሃ ከላይኛው ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ በሌላ ቀን በማለዳ ሄደን ስንለካ ግን ልዩነቱን ቴርሞሜትራችን ሊለየው አልቻለም። «መምህር፣ ሌሊት ነፋሱና ብርዱ ያማስለዋላ» አሉኝ ባለጀልባው፣ እንደ ተራ ነገር። እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን! ካሉን ሁለት ቴርሞሜትሮች አንዱ የተሰበረው እዚያው ጀልባ ላይ ነው፤ የላቦራቶሪ ኃላፊውን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ከክበቡ ውስጥም ከመምህራን ክፍልም አልጠፋም። የሙቀት አማቂ ጋዞች ካመጡት ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ውቅያኖስ ውስጥ ገብቷል፤ ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ያንን ወደ ጥልቁ የሚያደርሰው ይኸው መስመጥና መማሰል ነው። ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን ጣና ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ያወጡት ደለል ጣና አንድ ጊዜ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ከ16,700 ዓመት በፊት ገደማ መሐሉ ላይ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር፤ ተመልሶ ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ15,100 ዓመት በፊት ነው። ወቅቱ ከሰሜን የመጣ የበረዶ ክምር አትላንቲክ ላይ ቀልጦ፣ ጨው የሌለው ውሃ ከላይ ተንሳፍፎ፣ የሰሜኑ መስመጥ ከተዳከመበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የሐሩሩ ክልል ዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። አሁንም የዓለም ሙቀት ሲጨምር ይህ የአትላንቲክ ዑደት በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ አይቀርም የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ26 ዲግሪ ሰሜን ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች ያለማቋረጥ ይለካል።

ሌላው ሥራችን አጭር ነው። በሚኒ ሚዲያ ሁለት ጊዜ አቀረብን፤ አንዱ በማይክራፎኑ ምክንያት አልተሰማም። ችግኝ ተክለናል፤ ከጸደቁት ይልቅ ፍየል የበላቸው ይበዛሉ።

ለሚመጣው ዓመት 30 ሜትር ገመድና ሁለት ቴርሞሜትር ጠይቀናል። የብስኩቱ ሳጥን አሁንም ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ነው፤ ግርጌው የቀይ ስር ቀለም ይዞ አልለቅ ስላለ ባለሱቁ «እዚያው ይቅርላችሁ» ብለውናል።