የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከፎርሙ ተልኮ ምን ደረሰ?

ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ፎርም ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ለሚሄድ ሰው መመዝገቢያ። ስም፣ ስልክ፣ ጾታ፣ መድረሻ፣ «ምሳ ይፈልጋሉ?» የሚል ሳጥን፤ በቃ። ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ዛምፕ (ኮምፒውተሩን ራሱን ሰርቨር የሚያደርግ ፕሮግራም) በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ፣ ሰርቨር ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ በፒኤችፒ ተጻፈ።

አንደኛው መንፈቅ ፎርም የተሞላውን ወደ ሰርቨሩ የሚልክባቸውን ሁለት መንገዶች፣ ጌትንና ፖስትን፣ በመለየት አለቀ። በጌት የሄደ ነገር አድራሻው ላይ ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ተደርድሮ ይታያል፤ ለፍለጋ ጥሩ ነው፣ ለሰው ስልክ ግን አይሆንም። ሁለቱን ደባልቆ የሚሰጠው «ሪኩዌስት» ዋጋው (የተሞላው መረጃ) በየት በኩል እንደገባ ስለማይነግር ከክበቡ ኮድ ታግዷል። የፎርሙን ሳጥን ስም እንዲሁ እንደ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ የኮድ ስም) የሚጠራ የድሮ ኮድም አይሠራም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፒኤችፒ 5.4 ጀምሮ ቀርቷል።

ብዙ ቀን የበላው የመደመር ምልክት ነው። በእጅ በተጻፈ ሊንክ ውስጥ +251 ብሎ የሚጀምር ስልክ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ምልክቱ ጠፍቶ ባዶ ቦታ ይሆናል። ፎርሙ ሲልክ ብራውዘሩ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ሊንኩን የሚጽፍ ሰው ግን ምልክቶችን ለአድራሻ በሚመች ኮድ በሚተካው ዩአርኤል-ኢንኮድ ማሳለፍ አለበት። በ09 የሚጀምረውን ወደ ቁጥር የለወጠም ዜሮውን ያጣል። ስልክ አይደመር አይቀነስ፣ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ።

«ስም ከ20 ፊደል አይብለጥ» የሚለው ማጣሪያ ደግሞ ገብረእግዚአብሔርን መለሰው። ስሙ 10 ፊደል ነው፤ ርዝመት የሚለካው የፒኤችፒ ትዕዛዝ ስትርሌን የሚቆጥረው ግን ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ነው፣ ፊደላት በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 30 አለ። ፊደል በሚቆጥረው ኤምቢ-ስትርሌን ሲተካ አለፈ።

ምልክት ያልተደረገበት የምሳ ሳጥን «አልፈልግም» ብሎ አይመጣም፤ ጭራሽ አይመጣም። ኮዱ ሳይፈትሽ ከጠራው ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ስለዚህ በሁለት ጥያቄ ምልክት (??) መነሻ ዋጋ ይሰጠዋል። ባዶ የተተወ የስም ቦታ ግን ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚደርስ ዋጋ መኖሩን ብቻ የሚፈትሸው «ኢሴት» ብቻውን አይዘውም። የመድረሻው ዝርዝርም ብራውዘሩ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል ሰርቨሩ እንደገና ያመሳክራል፤ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡበትምና ያም ማጣሪያ እዚያው ነው።

ቀኑ ለከርሞ ቀርቷል። የብራውዘሩ ቀን መምረጫ በአውሮፓ አቆጣጠር ይልካል፣ ቀን ትክክል መሆኑን የሚፈትሸው የፒኤችፒ ትዕዛዝ «ቼክዴት»ም 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 ልሂድ የሚል ተሳፋሪ ለጊዜው ጀልባ የለውም።