ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ የዘገያችሁት እናንተ፣ የተቀጣሁት እኔ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ አቤት የሚባልበት በር ሁሉ ስለተዘጋብኝ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት በእናንተ ዘንድ በመዘግየቱ፣ ከተፈቀደልኝ ጊዜ በላይ የቆየሁ ተብዬ ድንበር ላይ ተቀጥቻለሁ፤ በፓስፖርቴም ላይ ይህን የሚል ማኅተም ተመትቶብኛል። በመጀመሪያ ፋይሌን ለያዙት ጉዳይ ፈጻሚ፣ ቀጥሎ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጉዳይ ፈጻሚው የኃላፊው ሥልጣን ነው አሉኝ፤ ኃላፊው ደግሞ ማኅተሙን የመታው የድንበር ቁጥጥሩ ስለሆነ እኛን አይመለከትም አሉ፤ የድንበር ቁጥጥሩ በበኩሉ ፈቃድ የሚያድሰው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና ወደዚያው ተመለስ ብሎ ሸኘኝ። ቅሬታ ሰሚው ደብዳቤዬን መቀበሉን ከገለጸልኝ በኋላ ድምፁን አጥፍቷል። በቀጥታ ለእርስዎ የላክሁትም መልስ አላገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ባልተወለድሁበት አገር፣ የምሠራው ደግሞ በሌላ አገር ላለ ቀጣሪ በኢንተርኔት ነው። ዲጂታል ኖማድ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ወደዚህ አገር የገባሁትም መንግሥታችሁ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ብሎ ባወጣው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከማለቁ በፊት፣ ደንቡ በሚያዝዘው ጊዜ ውስጥ፣ የእድሳት ማመልከቻዬን ከነሙሉ ማስረጃው አስገብቼ ክፍያውን ፈጸምሁ። ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝም ተሰጠኝ። በደረሰኙ ላይ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አመልካቹ በአገሩ ውስጥ በሕጋዊነት መቆየት እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ፤ አሮጌው ፈቃድ አለቀ፤ አዲሱ ግን አልመጣም።

በዚህ መካከል እኅቴ በሌላ አገር ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። ከመሄዴ በፊት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ መጥቼ፣ በደረሰኙ ከአገር መውጣት እችል እንደሆነ በመስኮቱ ጠየቅሁ። ትችላለህ ተባልሁ። ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ ብል፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምንሰጥበት አሠራር የለንም ተባልሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የፓስፖርት ተቆጣጣሪዋ ኮምፒውተር ያለቀውን ፈቃድ እንጂ በመታየት ላይ ያለውን ማመልከቻ አያሳይም ነበር። ደረሰኙን አገላብጣ ካየችው በኋላ በሲስተሙ ውስጥ የሌለ ወረቀት ልትቀበል እንደማትችል ነገረችኝ። በረራው ሊያመልጠኝ ሆነ፤ እኅቴም ብቻዋን ነበረች። ቅጣቱን ከፈልሁ፤ ከተፈቀደልኝ ጊዜ በላይ የቆየሁ ሰው መሆኔን የሚመሰክር ማኅተም በፓስፖርቴ ላይ አረፈ። ተቆጣጣሪዋን አልወቅሳትም፤ የሠራችው ባላት መረጃ ነው። መረጃውን ሊሰጣት ይገባ የነበረው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

አሁን ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ የምለምንዎ ነጥብ ይህ ነው። እኅቴን በማስታምምበት ጊዜ ማመልከቻዬ መጽደቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ደረሰኝ። አዲሱ ፈቃድ መቆጠር የሚጀምረው አሮጌው ካለቀበት ቀን ማግስት ነው። ይህ ማለት በራሳችሁ ፊርማና ማኅተም፣ በዚህ አገር ውስጥ ያለ ፈቃድ የዋልሁበት አንድም ቀን የለም ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ቅጣቱ አልተመለሰም፤ መዝገቡም አልተሰረዘም። አንዱ ሰነዳችሁ ሕጋዊ ነህ ይለኛል፤ ሌላው ሕግ ጥሰሃል ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ፓስፖርት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚያስታርቃቸው ባለሥልጣን ማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን የሚነግረኝ ሰው ጠፋ።

ምናልባት ለእርስዎ ይህ አነስተኛ ቅጣት ነው፤ ሰውየውም ተመልሶ ገብቷል፤ ምን ጎደለበት ይሉ ይሆናል። የጎደለብኝ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርሁ። በየአገሩ እየሠራ ለሚኖር ሰው ፓስፖርቱ የእንጀራው መሣሪያ ነው። ብዙ አገሮች በቪዛ ማመልከቻ ቅጾቻቸው ላይ ከዚህ በፊት ከተፈቀደልዎ ጊዜ በላይ ቆይተው ያውቃሉን ብለው ይጠይቃሉ። አዎ ብዬ ብሞላ ያላጠፋሁትን ጥፋት አመንሁ ማለት ነው፤ አይደለም ብዬ ብሞላ ደግሞ ማኅተሙን ያየ ቆንሲል ውሸታም ይለኛል፤ በቪዛ ማመልከቻ ላይ መዋሸት ከመዘግየቱ ይልቅ የከፋ ጥፋት መሆኑን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዘመኑ ደግሞ ስሕተት በቀላሉ የሚረሳበት አይደለም። በመካከላቸው ያለ ድንበር ፍተሻ የሚያስጉዙት የአውሮፓ አገሮች፣ የሼንገን አገሮች የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በየደረጃው ሥራ ላይ ባዋሉት የመግቢያና መውጫ ሥርዓት፣ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ የተፈቀዱትን 90 ቀናት የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው፤ መዝገቡም በመደበኛው ሁኔታ ለ3 ዓመት ይቀመጣል። የመንገደኞች ታሪክ በዲጂታል መዝገብ በሚያዝበት በዚህ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ መዘግየት ምክንያት የጻፈውን የሐሰት መረጃ አለማረሙ ቸልተኝነት ብቻ ሊባል አይችልም፤ በደል ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያው ማኅተም ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ወራትም ልንገርዎ፤ በደረሰኝ መኖር ምን እንደሆነ ወረቀቱን የሚሰጡት ሰዎች የሚያውቁት አይመስለኝም። ባንኩ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቁን እንዳየ ሒሳቤን አገደ፤ ደረሰኙን ባሳየው የመታወቂያ ሰነድ አይደለም አለኝ። ሒሳቡ ሲታገድ የቤት ኪራዩ ዘገየ። የኪራይ ውሉ ማለቂያ ሲደርስም አከራዩ ፈቃድህ እስኪታደስ ከአንድ ወር በላይ አልፈርምም አለ። እናንተ ደግሞ እድሳቱን ለመጨረስ የጸና የኪራይ ውል አምጣ አላችሁኝ። ውል ለማግኘት ፈቃድ፣ ፈቃድ ለማግኘት ውል! በዚህ አዙሪት ውስጥ ገብቶ ወጥቶ የማያውቅ ባዕድ በከተማችሁ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ተራ ስጠብቅ በመቀመጫው ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ከዚህ የተለየ ታሪክ አልነበራቸውም። ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያልተረዳ ሰው ሁሉንም ነገር የሚያስረው በዚያች በአንዲት ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቷ ከታተመችበት ቢሮ ውጭ ማንም የማያውቃት ከሆነች ሰውየው በምን ይቁም?

መሥሪያ ቤትዎ ችግሩ የማይፈታ ነው እንዳይለኝ፣ ሌሎች እንዴት እንደፈቱት በአጭሩ ላስታውስ። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. የ1971 የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በተጨመረለት ክፍል 3ሲ መሠረት፣ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ያመለከተ ሰው ፈቃዱ በሕጉ ኃይል እስከ ውሳኔው ድረስ ይራዘምለታል፤ ከአገር ከወጣ መብቱ እንደሚቋረጥም በዚያው ሕግ ተጽፏልና ሰው አውቆ ይወስናል። ካናዳም በጊዜው ያመለከተውን ሰው እስከ ውሳኔው ድረስ ሕጋዊ ነዋሪ አድርጋ ትቆጥረዋለች። አውስትራሊያ ውሳኔ ለሚጠብቁ ሰዎች የመሸጋገሪያ ቪዛ ትሰጣለች፤ ከእነዚህም መካከል ቢ የተባለው ዓይነት በመጠባበቅ ላይ ያለ ሰው ወጥቶ እንዲመለስ የሚፈቅድ ነው። ስፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችውና በ2022ቱ የስታርትአፕ (የጀማሪ ኩባንያዎች) ሕግ የርቀት ሠራተኞችን በጨመረችበት ሕጓ፣ በአገር ውስጥ የሚቀርበው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ በ20 ቀናት ውስጥ ካልተወሰነ እንደጸደቀ ይቆጠራል የሚል ድንጋጌ አስቀምጣለች። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ የመንግሥት ዝምታ ዋጋውን የሚያስከፍለው ዝም ያለውን ክፍል እንጂ መልስ የሚጠብቀውን ሰው ስላልሆነ።

ከክፍሉ ኃላፊ ጋር በተነጋገርንበት ጊዜ፣ ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ፈቃድ መንግሥት በችሮታ የሚሰጠው እንጂ መብት አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈቃድ መስጠትና መከልከል የመንግሥት ሥልጣን መሆኑን አልክድም። ማመልከቻዬን ውድቅ አድርጋችሁት ቢሆን ኖሮ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እወጣ ነበር። ጥብቅ ሕግም አያስቀይመኝም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረችው የዲጂታል ኖማድ ቪዛ ለ6 ወር ብቻ የሚሰጥና የማይራዘም ነው፤ ጥብቅ ነው፤ ነገር ግን የሚሄድ ሰው መቼ እንደሚወጣ ከመግባቱ በፊት ያውቃል። የእኔ አቤቱታ ሕጉን አክብሮ የተገኘን ሰው ሕግ ጣሽ ብሎ መመዝገብን የሚመለከት ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ የትኛውም መንግሥት ሥልጣን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 12 ማንኛውም ሰው ከየትኛውም አገር፣ ከራሱም ጭምር፣ የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። የታመመ ዘመዱን ለማየት የሚወጣን ሕጋዊ ነዋሪ በመውጫው በር ላይ መቅጣት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ቢያስረዱኝ እወዳለሁ።

ደግሞም ወደዚህ አገር ሳንጠራ የመጣን አይደለንም። ኢስቶኒያና ባርቤዶስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለርቀት ሠራተኞች ልዩ ፈቃድ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ መንግሥታት ያንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ የእናንተም አንዱ ነው። ኑ፣ ገቢያችሁን አሳዩ፣ የጤና መድን ግዙ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን አረጋግጡ፣ የአገሬውን ሥራ አትሻሙ አላችሁን። ሁሉንም ፈጽመናል። በውጭ አገር ያገኘነውን ገንዘብ እዚህ እናወጣለን፤ ጎረቤት አፍርተናል፤ ልጅ ያለን ልጆቻችንን እዚሁ ትምህርት ቤት አስገብተናል። በምርጫ ግን ድምፅ አንሰጥም፤ ስለ እኛ የሚጠይቅ የምክር ቤት ተመራጭ የለም። ተራ ዜጋ በመሥሪያ ቤት ሲበደል ቢያንስ የሚያውቀው ሰው ወይም ባለሥልጣን የሚፈራው የምርጫ ድምፅ ይኖረዋል፤ እኛ ያለን ደረሰኙ ብቻ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የተባለበት ዘመን አልፏል ብዬ ነበር የማምነው፤ ባለፉት ወራት ከመስኮት ወደ መስኮት ስመላለስ ግን ለእንደ እኔ ያለው ሰው ገና እንዳላለፈ ተረድቻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። በመሥሪያ ቤታችሁና በድንበር ቁጥጥሩ መዝገብ ላይ በስሜ የሰፈረው ከተፈቀደው ጊዜ በላይ የመቆየት ጥፋት ይሰረዝ፤ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን የሚገልጽ፣ ለማንኛውም ቆንሲል ላቀርበው የምችል ደብዳቤ ይሰጠኝ፤ የከፈልሁት ቅጣት ይመለስልኝ። ከእኔ አልፎ ደግሞ፣ በመታየት ላይ ያሉ የእድሳት ማመልከቻዎች በየድንበሩ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ እንዲታዩ ይደረግ። ይህ አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ሁለቱም መዝገቦች የአንድ መንግሥት ናቸው፤ እርስዎ በሚያወጡት አንድ መመሪያ የሚጀመር ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ፣ በመስኮቱ ላይ ትችላለህ የሚል ጉዳይ ፈጻሚ ያንኑ በወረቀት ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ይታዘዝ።

የሚቀጥለውን የቪዛ ማመልከቻዬን በቅርቡ መሙላት አለብኝ፤ እኅቴ ገና በሕክምና ላይ ናትና። በቅጹ ላይ ያለውን ያንን ጥያቄ ምን ብዬ እንደምመልሰው ሊነግሩኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማመልከቻው፣ ደረሰኙ፣ የማጽደቂያው ደብዳቤና የቅጣቱ ወረቀት ቅጂዎች በሙሉ በፋይሌ ውስጥ ይገኛሉ። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የእድሳት ማመልከቻ አቅራቢው

ግልባጭ፦
ለድንበር ቁጥጥር ዋና ኃላፊ
ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል