ለልጄ፦ ጨረታ ላይ እልህ ውስጥ አትግቢ

የኔ እናት እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ የድሬ ሙቀት ብሶበት ሰሞኑን በረንዳ ላይ ነው ምናድረው። ትናንት ኢቤይ ሚሉት የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተጫርተሽ ስለወሰድሻት ሲንጀር የስፌት መኪና ስትነግሪኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በደንብ ሳናወራ ዘጋን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ከ110 ዶላር አላልፍም ብለሽ ጀምረሽ 190 ከፈልሽ። ልቆጣሽ አደለም ምፅፈው፣ ያን ስሜት ስለማውቀው ነው።

አንቺ ገና ሳትወለጂ አንድ መስሪያ ቤት 3 አሮጌ የስፌት መኪና በሐራጅ እሸጣለሁ ብሎ ለጠፈ። እኔም ለ3ቱም ከ4 ሺህ ብር በላይ አልሰጥም ብዬ ለእናትሽ ነግሬ ወጣሁ፣ እዛ ስደርስ መጋላ ከሱቄ ፊት ለፊት ሚሰፋው ሰውዬ ቆሟል። እሱ 200 ሲጨምር እኔ 200፣ እሱ ሲጨምር እኔ፣ ፀሐዩ ናላ ያዞራል፣ ሰዉ ከቦ ያየናል፣ በ7 ሺህ 600 ያንተ ነው አሉኝና ሰዉ አጨበጨበልኝ። ቤት አምጥቼ ስፈታቸው አንዷ የታችኛው ክር ሚጠመጠምበት ቦቢን መቀመጫዋ ዝጎ ተበልቷል። የእናትሽን የእቁብ ብር ነው የከፈልኩት እና ሁለት ሳምንት ሙሉ አይኗን ማየት አቅቶኝ ነበር። መኪናዎቹን ረስቼ ሰውዬውን ለማሸነፍ ነበር ስጨምር የዋልኩት፣ አንቺም ትናንት ያደረግሽው እሱን ነው ልጄ።

ስለዚ ስሚኝ፣ ወንድምሽ ኢቤይን ካሳየኝ ጀምሮ ስንት ጊዜ የስፌት መኪና ዕቃ በዘመድ አስመጥቻለሁ። መጀመሪያ ሰው እየጠየቀ ያለውን ዋጋ አትመኚ፣ የተሸጡትን ብቻ ሚያሳየውን ነክተሽ በስንት እንደሄዱ እዪ፣ ጠያቂማ 500ም ይላል። አንድ 10 የተሸጡ ባለ 99 ሞዴል ሲንጀሮች አይተሽ መሐሉን ያዢ፣ ከዛ ላይ የማጓጓዣውንና ታክሱን ቀንሺ፣ የቀረው ነው ያንቺ ቁጥር።

ቁጥሩን ደሞ ቀድመሽ አታስገቢ። አሰራሩ ምን መሰለሽ፣ 120 ብለሽ ብትፅፊ 120 ትከፍያለሽ ማለት አደለም፣ ኢቤይ ቁጥርሽን ደብቆ ይይዝልሽና ሌላው ሰው ካለው በትንሹ ብቻ እየበለጠ ይሄድልሻል፣ ሁለተኛው ሰው 85 ላይ ካቆመ በ86 ትወስጃለሽ። ግን ከ3 ቀን በፊት ካስገባሽው ሌላው ሰው እያየ 2 ዶላር 3 ዶላር ሲነካካ ይከርማል፣ እልሁም ይነሳበታል። አንቺ ዝም ብለሽ ጠብቂና ሊያልቅ 7 ወይ 8 ሴኮንድ ሲቀረው አንዴ ብቻ አስገቢ፣ እዛ እንደኛ ሐራጅ አንደኛ ሁለተኛ እያለ ሚጠብቅ ሰው የለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ ለሌላው ማሰቢያ ጊዜ አይተርፈውም። 120 አትበይ፣ 121 ከ37 ሳንቲም በዪ፣ ድፍን ቁጥር ሁሉም ሰው ይፅፈዋል፣ እኩል ከመጣችሁ ደሞ ቀድሞ የፃፈው ነው ሚወስደው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ርካሽ ያለው ሰው በማይፈልግበት ነው። ፌዘርዌይት ሚሏትን ትንሿን ሲንጀር ተያት፣ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሟት ለስፌት ብሎ ሚገዛ አይችላትም። ስሟን ሳያውቅ የአያቴ የድሮ የስፌት መኪና ብሎ ሚለጥፍ አለ፣ ሲንጀርን በተሳሳተ ፊደል ሚፅፍም አለ፣ እንደሱ አድርገሽ ፈልጊ። መጥቶ ሚወስድ ብቻ ሚሉትን ደሞ ባንቺ ከተማ እዪ፣ እዛ ተጫራቹ ትንሽ ነው፣ ብረቷም መንገድ ላይ አትሰበርም (በፖስታ ሚልክ ከሆነ ድርብ ካርቶን ይሁን በይው፣ አንዴ ለኔ የመጣችው እግሯ ተሰብሮ ነው የደረሰችው)። አትሰራም ለመለዋወጫ ነው ሚሉትን አትዝለያቸው፣ ብዙዎቹ ዘይታቸው ደርቆ ተጣብቀው እንጂ ተበላሽተው አደለም፣ ሱቅ ስትመጪ አሳይቼሻለሁ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርገሽ አሳድረሻት ጠዋት መዘውሯን ቀስ ብለሽ ስትነቀንቂያት ትለቃለች። ዝገት ግን ሌላ ነው፣ ስለዚ የሆዷን ፎቶ ጠይቂ፣ ፎቶ አልልክም ካለ ተይው።

የተጫራቾቹን ዝርዝርም እዪ፣ ምንም ነገር ገዝቶ ማያውቅ አካውንት በዛው ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ ሚጨምር ከሆነ የሻጩ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ቆሞ እኔ በዚህ እወስደዋለሁ ሚል አስመሳይ ገዢ አላየሽም? ክልክል ነው፣ ግን ይደረጋል።

እናትሽ እሷ ራሷ ትምጣ መኪናዋ ትቅር እያለች ነው፣ ካመጣሻት ግን የአሜሪካው 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር እኔ እዚህ አዘጋጃለሁ።

ሌላዋ የሐሙሷ ጨረታ ላንቺ ማታ 2 ሰዓት ለኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው ምትዘጋው ብለሻል፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ። የወሰንሽውን ቁጥር ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እፅፈዋለሁ። ከቁጥርሽ ካለፈች ስልኩን ዘግተሽ ተኚ፣ ጠዋት ላይ እኔ እደውላለሁ።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ መጋላ